ለራሳቸው የመጣ መርዶ

አባቴ ቆሎ ሲቆረጥሙ ከጓሮ ይሰማ ነበር። የጉና ገብስ እንደ አገሩ ሰው ደረቅ ነው፤ የአባቴ ጥርስ ግን አይምረውም። ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንደራችን ወደ ደብረ ታቦር ገበያ ስንሄድ አንድ ኪስ ቆሎ ለእኔ፣ አንድ ኪስ ለራሳቸው ይይዙ ነበር። የእኔ መንገዱ ሳይጋመስ ያልቃል። የእሳቸው አያልቅም። ወደ ሌላ የሚያዩ መስለው ከኪሳቸው ወደ ኪሴ ይገለብጡልኛል፤ እኔም ያላየሁ መስዬ እበላለሁ። ከዚያ "አቤት የዚች ልጅ ኪስ! በረከት አለው መሰል" ይላሉ። ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ የብርድ ልብስና የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ቅዳሜ ገበያተኛው በደጃፌ ሲያልፍ ሁሌም የማስበው ያን መንገድ ነው።

ስለዚህ ለሥራ ከሄድኩበት ከቤይሩት በተመለስኩ በሁለተኛው ዓመት፣ አባባ እፍኝ ቆሎ አንስተው ወደ አፋቸው ሳያደርሱት ሲመልሱት ሳይ ደነገጥኩ። "ጥርሴን ነው" አሉ። ጥርስ አልነበረም። ከቆሎው ቀጥሎ ቂጣው ቀረ፤ ቀጥሎ እንጀራው። ጥቅምት ላይ አጥሚቱም ደረታቸው ላይ ቆሞ አልወርድ ይላቸው ጀመር። ባሕር ዳር ወሰድኳቸውና የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ነው ተባለ። ዶክተር ደረጄ የሚባል ቀዶ ሐኪም የታመመውን ቧንቧ ቆርጦ አወጣ፤ ጨጓራቸውን ወደ ደረታቸው ስቦ ከተረፈው ጋር ሰፋው።

አባባ ቀልዳቸውን አልተዉም። "ሆዴ ሽቅብ ወጥቶ ከልቤ ጎን ጎጆ ቀለሰ፤ እንግዲህ ቂም የምይዝበት ቦታ የለኝም" ይሉ ነበር ለጠያቂው ሁሉ። ይህን የሚሉት በቀን ስምንት ጊዜ በትንሽ ሣህን እየበሉ፣ በትራስ ክምር ተደግፈው እያደሩ ነው። ስቃዩን ያየሁት እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ቆዩ፤ ጎናቸው ላይ ቱቦ ተሰክቶ፣ ሳል ሲመጣባቸው የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው እየጨበጡ። ቤታቸው በገቡ በሳምንቱ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ይሻውን አስጠሩ።

"ሁለተኛ ሰውነቴን ምላጭ እንዳይነካው ይገዝቱኝ አባቴ" አሏቸው። "ልጆቼ በልመና እንዳያሸንፉኝ።"

ቄስ ይሻው እያንገራገሩም ቢሆን ገዘቷቸው። በእኛ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። የገዘተው ቄስ ራሱ ካልፈታው የሚያልፈው ሰው የለም።

ሁለት ዓመት ደህና ሆኑ። ነዶ አሰሩ፣ ሠርግ መረቁ፣ ከጎረቤት ጋር በድንበር ተጣልተው ታረቁ። በነሐሴ ለምርመራ ይዣቸው ሄድኩ። ዶክተሩ ውጤቱን ኮሪደር ላይ ነገረኝ፤ አባባ ትንሽ ራቅ ብለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለአንዲት የእብናት ሴት ስለ በሬ ጥርስ ያስረዱ ነበር።

"ተመልሷል" አለኝ። "ቀኝ ሳንባቸው ላይ፣ ታች በኩል፣ አንድ ፍሬ።"

"ታዲያ ቆርጠህ አውጣዋ" አልኩት፣ ስለ ዱባ የማወራ ይመስል። ስደነግጥ እንዲህ ነኝ፤ እቆጣለሁ።

አልተቀየመኝም። ይህ በሽታ ተመልሶ ሌላ አካል ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮን እንደማያደርጉት ነገረኝ፤ አንዱን ሲነቅሉት ሌላው ሌላ ቦታ ይበቅላል። "የአባትሽ ግን ይለያል። ቆይቶ ነው የመጣው፤ አንድ ብቻ ነው፤ ጉበታቸውም አጥንታቸውም ንጹሕ ነው። ሦስት ወር እንጠብቅ። እስከዚያ ሌላ ካልወጣ እሷን ብቻዋን እናወጣታለን።"

"ይድናሉ?"

"አልምልልሽም። ዕድሜ ሊጨምርላቸው ይችላል። ዝም ካልን ግን የት እንደሚያደርሳቸው አውቃለሁ።"

ለአባባ "ሳል ብቻ ነው፤ በሦስት ወር ተመለሱ ብሏል" አልኳቸው። ዋሸሁ።

አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል። እናቴ ጥሩነሽ የሞተችው እኔ ቤይሩት ሳለሁ ነው። ዓመት ከሁለት ወር ደበቁኝ። ስደውል "ገበያ ሄዳለች"፣ "ጠበል ወርዳለች"፣ "ክርስትና ተጠርታለች" ይሉኛል። እናቴ በዕድሜዋ እንደዚያ ዓመት ዞራ አታውቅም። እኔም ሞኟ፣ ምነው ይህን ያህል ዘዋሪ ሆነች እያልኩ እስቅ ነበር። ሻርፕ ልኬላት "ወዳዋለች፣ ለበዓል ልትለብሰው ነው" አሉኝ። ከዚያ አገሬ ገባሁ፤ በማግሥቱ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች መጥተው አረዱኝ። አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን የሚያነሣው ወንድሜ ብርሃኑ ስለነበር እሱን አኩርፌው ኖርኩ። ከእንግዲህ ከሰው ነገር የሚደብቅ ሰው ጠላቴ ነው ብዬም ማልኩ። ይኸው ተራው ሲደርሰኝ እኔም ደበቅኩ፤ ያውም በደንብ።

ኅዳር ላይ እንደገና ታዩ። ፍሬዋ እዚያው ናት፣ ትንሽ አድጋለች፤ ሌላ ግን የለም። ዶክተር ደረጄ ለታኅሣሥ መጀመሪያ ቀጠሮ ቆረጠ። "ግን ከዚያ በፊት እሳቸው ማወቅ አለባቸው፤ ፈቅደው መፈረም አለባቸው" አለኝ።

"ለሽማግሌ ካንሰር ተመለሰብዎት አይባልም። እዚህ ያደግህ ልጅ አይደለህም እንዴ? ሌላ ነገር በላቸው።"

"እኅቴ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም" አለኝ። "ሰው ሳያውቅ ደረቱን አልከፍትም።"

ሁለት ሳምንት ነበረኝ። አባባ ይታወቃሉ፤ ግዝቱ ሳይፈታ ቢሞቱ ምላጭ አያስነኩም፤ ግዝቱ ቢፈታም እሺ ማለታቸው እንጃ። ቄስ ይሻው ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። "እፈታዋለሁ። ግን ሽማግሌ ይጨመር፤ አባትሽ አባተ ለብቻዬ አይሰማኝም" አሉ። የአባባን የልጅነት ባልንጀራ አያ እሸቴን ጨመርን። እኔ ከሰዓት በኋላ እንሂድ ብል አያ እሸቴ አልተስማሙም። "አጨዳ ነው። አባተ እንደሆነ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚወጣ። ማዶ ከወረደ ማን ያገኘዋል?" ቄስ ይሻውም ጾሙ ስለገባ ቀትር ላይ ቅዳሴ አለባቸው። ስለዚህ ሳይነጋ እንድረስበት ተባባልን።

ሦስት ሰው ነበርን፤ በሦስት ሰው ጭንቅላት አንድ ሐሳብ አልመጣም። ማለዳ የመጣ ሽማግሌ በእኛ አገር ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔ ራሴ የእናቴን መርዶ የሰማሁት በዚያው ሰዓት ነው። ግዝቱን፣ ቀጠሮውን፣ ፊርማውን ሳሰላስል ሰዓቷን ዘነጋኋት።

በዚያ ላይ እመቤት አለች። ታናሽ እኅቴ እመቤት ኩዌት ነው የምትሠራው፤ ለአባባ ከደወለች ሃምሳ ቀን አልፏታል። አባባ ማታ ማታ ስልካቸውን ኔትወርክ የሚይዝበት የመደብ ጫፍ ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። እኔ ግን ነገሩን አውቃለሁ። አሠሪዋ ደመወዝ ከልክላት፣ ስልኳን ቀምታት፣ ጥላት ወጥታ ከአገሯ ልጆች ጋር ነው ያለች፤ በአዲስ ቁጥር ደውላ ነግራኛለች። እሱንም ደብቄያቸዋለሁ፤ እንዳይጨነቁ ብዬ።

ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ቄስ ይሻው መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ አያ እሸቴ ከኋላቸው፣ እኔ ብርዱ አንገብግቦኝ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ። አባባ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያጠልቁ ነበር፤ ማጭዳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አጥሩን ስናልፍ ቀና ብለው አዩን። ቄስ ይሻው ሰላምታ ሳይሰጡ ቆም አሉ፤ ከየት እንደሚጀምሩ ጨንቋቸው ይመስለኛል። አያ እሸቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

የአባባ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ግን ረፍዷል።

"እመቤት!" ብለው ጮኹ። "ልጄን! ልጄን በሉብኝ!" ማጭዱ ወደቀ። በቡጢ ደረታቸውን፣ ያንን የተሰፋ ደረታቸውን ይደልቁት ጀመር። "እሙዬ! በሰው አገር! ማን ገነዘሽ፣ ማን አለቀሰልሽ!"

እኛ አገር ዋይታ ከተሰማ ምክንያት የሚጠይቅ የለም። የጎረቤት ሴቶች መቀነታቸውን እያሰሩ "ወይኔ እመቤት!" እያሉ በአጥሩ በኩል ይጎርፉ ጀመር። ብርሃኑ ከማሳው በሩጫ መጥቶ መሬት ላይ ተዘረረ። ከሁሉም የገረመኝ አያ እሸቴ ናቸው፤ ስዞር እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ኋላ ስጠይቃቸው "እኔስ ያልነገርሽኝ ሌላ ነገር ያለ መስሎኝ" አሉኝ።

"እመቤት ደህና ናት!" ብዬ ጮኽኩ። የሚሰማኝ የለም። ሕዝቡን ጥሼ አባባን ሁለት እጃቸውን ያዝኳቸው። "አባባ! እመቤት አልሞተችም! የታመሙት እርስዎ ነዎት! ካንሰሩ ተመልሶብዎት ነው!"

ዋይታው ተቋረጠ። አንዲት ሴት ብቻ ከኋላ ዘግይታ "ወይኔ" አለችና አፏን ያዘች።

"እኔ?" አሉ አባባ።

"እርስዎ።"

"እሙስ?"

"ደህና ናት።"

"አትዋሽኝ። ደውለሽ አሰሚኝ።"

በአዲሱ ቁጥር ደወልኩ። መንደሩ ሁሉ ከቦኝ ይጠብቃል። አራት ጊዜ ጠራ። ከዚያ የእመቤት ድምፅ፣ በእንቅልፍ የታፈነ፣ በድምፅ ማጉያው ወጣ።

"ሃሎ? ፈንቴ? በዚህ ሰዓት! ማን ሞተ?"

አባባ ስልኩን ነጠቁኝ። "አንቺ ነበርሽ የሞትሽው" አሏት። "ተነሥተሻል።" ከዚያ ሣቁ። ሳል እያቋረጣቸው፣ ጎናቸውን ደግፈው፣ እንባቸው እየወረደ ሣቁ። እንደዚያ ሲሥቁ ከእናቴ ሞት ወዲህ አላየሁም። የሚያለቅሰው ሰው ሁሉ አብሮ ሣቀ፤ ብርሃኑ ብቻ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። "ታዲያ ይህ ሁሉ ሽማግሌ ለእኔ ነው? ተቀደድ ልትሉኝ?"

"ግዝቱን ልፈታልህ ነው የመጣሁ፣ ፈቃድህ ከሆነ" አሉ ቄስ ይሻው። ሊለምኑበት ያዘጋጁት ብዙ ንግግር ነበራቸው፤ በመንገድ ላይ ሲለማመዱ ሰምቻለሁ። አላስፈለገም።

"ይፍቱኝ" አሉ አባባ። "እሷ ሞታለች ባልሁበት ሰዓት እግዜርን እሷን መልስልኝ እንጂ እኔን እንደወደድህ አድርገኝ ብዬዋለሁ። መለሰልኝ። ከእሱ ጋር አልከራከርም።"

ቄስ ይሻው ጸሎት አድርሰው በመስቀላቸው ባረኳቸው። ጎረቤቱ ወደየአጨዳው ሄደ። አባባ መደቡ ላይ ተደግፈው ተቀመጡና እኔን በእጃቸው ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ይገባኝም ነበር።

"ብርሃኑን ተይው" አሉኝ።

"ምን አደረግኩት?"

"ታውቂዋለሽ። እሱ ይነገራት ብሎ ነበር። አይሆንም፣ በሰው አገር ብቻዋን ታለቅሳለች፣ ማን ደግፎ ይይዛታል ያልሁ እኔ ነኝ። ለአንቺ ያዘንሁ መስሎኝ።" ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። "ቅድም እናንተን ሳይ ምን እንዳሰብሁ ልንገርሽ? እሙ ከሞተች ስንት ቀን ሆናት ይሆን አልሁ። እሷ አፈር ውስጥ ሳለች እኔ ስንት ምሳ በላሁ፣ ስንት ጊዜ ሣቅሁ አልሁ። የገደለኝ ያ ነው፣ ሞቷ አይደለም። አንቺንም እንዲያ ነው ያደረግሁሽ ለካ። ዓመት ከሁለት ወር። ይቅር በይኝ።"

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ለሁሉ ነገር መልስ አለኝ ይሉኛል። ያን ቀን ግን ጉልበታቸው ላይ ፊቴን ደፍቼ እናቴን እንደ አዲስ አለቀስኳት። አባባ ራሴን እያሻሹ "አልቅሺ፣ አልቅሺ" ይሉኝ ነበር።

ባሕር ዳር ስንሄድ ዶክተር ደረጄ የሳንባቸውን ሥዕል እሳቸው ራሳቸው ፊት ዘረጋና ፍሬዋን በጣቱ አሳያቸው። አባባ መነጽሬን ተውሰው አዩዋት። "ይችን ብታወጣት ሌላ እኅት የላትም?" አሉት።

"ሊኖራት ይችላል አባቴ። ዛሬ ግን አይታየኝም።"

"እውነቱን ነገርኸኝ። በል አውጣት።" በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ኦፕራሲዮኑ ሦስት ሰዓት ፈጀ። በጎናቸው በኩል ገብተው ከሳንባቸው ቁራጭ አብረው ወሰዱ፤ ፍሬዋ ባቄላ ታህል ነበር አሉን። በዘጠነኛው ቀን ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ጢማቸውን አራገፈው፤ መልሶ ሲበቅል ጥቁር ሆኖ በቀለና መንደሩ ሚስት ፍለጋ ነው ብሎ ቀለደባቸው።

ያ ባቄላ የሚያህል ሥጋ መውጣቱ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሰጠን። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው እንደዚያ ጊዜ የሚናፍቀኝ ዘመን የለም። ቅዳሜ ማታ ሱቄን ዘግቼ በሚኒባስ ወደ ላይ፣ ወደ መንደራችን እወጣለሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአባባ ጋር አውድማው ዳር ፀሐይ እንሞቃለን። እሳቸውም ያንን የደበቁኝን ዓመት በየሳምንቱ አንድ አንድ ነገር እያወጡ ይነግሩኝ ነበር። እናቴ በመጨረሻው ሳምንት ምን እንዳማራት። ማን ማን እንዳስታመማት። ስሜን ጠርታ እንደነበረ። "ሻርፑ ከሞተች በኋላ ነው የደረሰ፤ ሳጥን ውስጥ አለልሽ" አሉኝ አንድ ቀን። አንዳንዴ መስማቱ ያመኛል፤ ግን አንድም ቀን ይብቃዎ አላልኳቸውም። ከብርሃኑም ጋር ያን ዓመት ታረቅኩ፤ ምንም ሳንነጋገር፣ አንድ ነዶ በሁለት በኩል ይዘን።

በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ተመልሶ መጣ። ዶክተሩ ሥዕሉን ሲያይ ፊቱን አየሁትና ገና ወደ እኔ ሳይዞር "ለእሳቸው ንገራቸው" አልኩት። ነገራቸው። ጉበታቸው ላይ ብዙ ነው፤ ጀርባቸው አጥንት ላይም አለ።

"ይች አትወጣም?" አሉት።

"አትወጣም አባቴ።"

"ስንት ጊዜ አለኝ?"

"ሁለት ወር። ሦስት ሊሆን ይችላል።"

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እግዜር ይስጥህ" አሉት፤ ከልባቸው ነበር። ከግቢው ሳንወጣ ግራር ሥር ቁጭ አሉና ስልክ ጠየቁኝ። እኔ ልንገራት ብላቸው እንቢ አሉ።

"እሙዬ፣ እኔ ነኝ" አሏት። "ቁጭ በይ። ቁጭ ብለሻል? ያ ነገር ተመልሷል፤ አሁን የሚቆረጥ አይደለም። ሁለት ወር ብሎኛል ዶክተሩ። በሕይወት ሳለሁ እንድትመጪ ነው የነገርሁሽ። አልቅሺና ከዚያ ቲኬትሽን ቁረጪ።"

እመቤት ጓዟን አዋክባ መጣች። ከመሞታቸው አስራ ስድስት ቀን ቀድማ ደረሰች። በበሩ ስትገባ ትራሳቸውን ተደግፈው ነበር፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ከእግሯ እስከ ራሷ አዩአት። "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽ? በዚያ አገር ምግብ የለም?" ብለው ተቆጧት። እሷም ሻንጣዋን እንደያዘች "እኔ ነኝ የከሳሁ፣ እርስዎ?" አለቻቸውና ሁለቱም ሣቁ። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። ቀናሁባት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ እያለኝ ቀናሁባት። እኔ ለእናቴ ያላገኘሁትን አስራ ስድስት ቀን እኅቴ አገኘች፤ አባባም አስራ ስድስቱንም ቀን እህል ብዪ እያሉ ሲቆጧት ከረሙ።